የግራው ማርሽ

የካቲት 1፣ እሁድ

ዛሬም ከአበራ ጋር እንጦጦ ወጣን። ወጣን ማለት እሱ ወጣ፤ እኔ ተጎተትኩ። አበራ የቢሮ ሰው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ሲያሞቅ ከርሞ እሁድ ሲመጣ ዳገቱን እንደ ፍየል ይወጣዋል። እኔ የመንጃ ፈቃድ አሰልጣኝ ነኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ለማጅ አጠገብ ተቀምጬ ስንገጫገጭ እውላለሁ። ቢሆንም እግሬ ደህና ነው። ያስቸገረኝ የሳይክሌ ማርሽ ነው። ካቴናውን ፊት ካለው ትንሽ ጥርስ ወደ ትልቁ የሚያሻግረው የግራው መቀየሪያ ጠጥሯል። ከእንጦጦ ማርያም መልስ ሜዳው ላይ ብገፋው ብገፋው እምቢ አለ። በመጨረሻ ቀኝ እጄን አሻግሬ በሁለት እጅ ገፋሁት፤ ሳይክሉ ዋዠቀ።

“ሳሊ፣ ምን እየሠራህ ነው? ክራር ነው እንዴ የምትቃኘው?” አለኝ አበራ ከኋላ።

ሽቦው ዝጎ ነው። አቧራም ገብቶበታል። ሌላ ምንም የለም።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ከሥራ መልስ ሳይክሉን ማዕረግ ጋ ወሰድኩት። ማዕረግ ሲግናል አካባቢ ሳይክል ይጠግናል። ድሮ ተወዳዳሪ ነበር፤ አሁን የሚወዳደረው በወሬ ነው። እያወራ አሮጌውን ሽቦ መዞ አወጣ። ዝገት የለበትም። እኔ አለበት አልኩ፣ እሱ የለበትም አለ። ለማንኛውም በአዲስ ቀየረው፣ ዘይት ቀባው፣ በአንድ ጣቱ ጠቅ አድርጎ አሳየኝ።

“ቅቤ ነው” አለ።

እኔ ሞከርኩት። ቅቤ አይደለም።

“ገና ጠጣር ነው፣ ማዕረግ።”

በትንሿ ጣቱ ገፋውና ካቴናው ቀጭ ብሎ ወጣ። “ሳልህ፣ ቅቤ ነው እያልኩህ!”

ደንበኛን መስማት የማይችል ሰው ለምን ሱቅ ይከፍታል? ተናድጄ ወጣሁ። አዲስ ሽቦ እስኪላላ ጊዜ ይፈልጋል።

የካቲት 6፣ ዓርብ

ለጁምዓ ስለብስ የቀኝ እጅጌዬ ቁልፍ አልገባ አለ። ቀዳዳው ጠቧል። ባለቤቴ ሀፊዛ ሸሚዞቹን በሙቅ ውሃ ነው መሰለኝ የምታጥበው። ሁለቱንም እጅጌ ሰብስቤ ወጣሁ።

“ምነው ዛሬ ሥጋ ቤት ተቀጠርክ እንዴ?” አለችኝ። ሳቅን።

የካቲት 8፣ እሁድ

መፍትሔ ተገኘ! አበራ በስልኩ አሳየኝ። ገመድ አልባ ማርሽ ይሉታል። ሽቦ የሚባል ነገር የለውም። ፊትና ኋላ ያሉት ካቴና አሻጋሪዎች እያንዳንዳቸው ባትሪ አላቸው። መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ነካ ስታደርገው ዚዝ ይልና ይቀይራል። መግፋት የለም፣ መታገል የለም። ሕፃን ልጅ ይቀይረዋል።

ኡበይድ፣ የሀፊዛ ወንድም፣ ስልክ ሊያመጣ ዱባይ ነው ያለው። ደወልኩለት። የዕቃውን ፎቶ ልኬለት ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ገንዘቡ ለኢድ ሶፋ ልንገዛበት ያስቀመጥነው ነው፤ ስለዚህ ለሀፊዛ እንዳትነግራት አልኩት።

“እህቴን አልዋሽም” አለኝ። “ካልጠየቀችኝ ግን አልናገርም።”

ነጋዴ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ውል ይወዳል።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ረመዳን ገባ፣ አልሀምዱሊላህ። ለመጀመሪያው ቀን ደህና ዋልኩ። ተምሩን በቀኝ፣ ውሃውን በቀኝ፣ ሳምቡሳውን በቀኝ። በቀኝ መብላት እንዴት ጥሩ ሥርዓት ነው። ግራ እጅህ የት እንዳለ ማንም አይጠይቅም።

ውዱእ ሳደርግ ግን ውሃው በግራ መዳፌ አልቋጠር አለ። በጣቶቼ መሀል ፈሰሰ። ጾም ነው፤ ሰውነት ይደክማል።

የካቲት 13፣ ዓርብ

ከተራዊህ ሶላት መልስ። ሀፊዛ ተኝታለች። እኔ እንቅልፍ የለኝም።

ዛሬ ወይዘሮ ታደለችን ዳገት ላይ ማስነሳት ማስተማር ነበረብኝ። ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ልጆቻቸው መኪና ገዝተውላቸው የሚነዳላቸው ሰው በመለመን ስለሰለቹ ራሳቸው ሊነዱ ቆርጠዋል። ወደ የካ ሚካኤል የሚወስደው ዳገት ላይ አቆምናት። አሠራሩን ሺህ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። የእጅ ፍሬኑን እኔ እይዛለሁ፤ ለማጁ ፍሪሲዮን እየለቀቀ ነዳጅ ይሰጣል፤ መኪናዋ መጎተት ስትጀምር እኔ ፍሬኑን እለቃለሁ። የእጅ ፍሬኑ ያለው በሁለታችን መሀል ነው፤ በአሰልጣኙ ግራ እጅ በኩል ማለት ነው።

ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቁትና ሞተሩ ጠፋ። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንከባለለች። ከኋላችን ሰው የሞላ ሚኒባስ ነበር። ፍሬኑን ያዝኩት። ልስበው ስል ጣቶቼ ከላዩ ተንሸራተው ወረዱ። እንደገና ያዝኩ። እንደገና ወረዱ። በእኔ በኩል ሁለተኛ የእግር ፍሬን እንዳለ እንኳን ረስቼ በእጄ እታገላለሁ። ወይዘሮ ታደለች ናቸው እጃቸውን ሰደው ፍሬኑን ወደ ላይ የሳቡት። የሚኒባሱ ሾፌር ጡሩምባውን ነፍቶ ነፍቶ ስድቡን አስከተለ።

“ጎበዝ!” አልኳቸው። “እሱን ነበር ማየት የፈለግኩት። ሾፌር ማለት ሰው የማይጠብቅ ነው።”

ፊቴን አላዩም። የሚያዩት እጄን ነበር።

ጾም ነው። ጾም ነው ያልኩት እውነቴን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው ይዝላል። ዳሩ ግን ጾም አንዱን እጅ መርጦ ያዝላል?

አባባ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መጀመሪያ ማንኪያ ከእጁ ወደቀ፤ ሳቅንበት። ቀጥሎ የሸሚዝ ቁልፍ አስቸገረው። ቀጥሎ መሪ። ቀጥሎ ምላሱ ተሳሰረ። እስከ መጨረሻው ያጠበችው፣ ያጎረሰችው፣ ያገላበጠችው ሀፊዛ ናት፤ የበሽታውን መንገድ ከነኩርባው ታውቀዋለች። እኔ ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ በግራ ባነሳ ከሐኪም ቀድማ ትለየዋለች። ሰው “የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል” ይላል። ሰው ብዙ ይላል። ስለ አባባ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

ኡበይድ መጣ። ዕቃውን በፌስታል አድርጎ መገናኛ ላይ እንደ ኮንትሮባንድ አቀበለኝ።

በቀጥታ ወደ ማዕረግ። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ወሬውን እንኳ ረሳ። አሮጌዎቹን ሽቦዎች ሁሉ ነቅሎ ጣላቸው። ባትሪዎቹ የክብሪት ቀፎ ያክላሉ። ከስልክ ጋር ሲያገናኛቸው ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች፣ ሁለታችንም እንደ ልጅ ሳቅን።

ከዚያ ጠየቅኩት። “የግራውን ሥራ ወደ ቀኝ ማዞር ይቻላል?”

“ይቻላል። ቀኝ በኩል አንዲት ትንሽ ቁልፍ ትጨመርና በስልኩ ይስተካከላል። ለምን ፈለግክ?”

“ዝም ብዬ።”

“ሰው ግራ እጁን ያለ ሥራ ያስቀምጣል?”

“ማዕረግ፣ የምትሠራ ከሆነ ሥራ፣ ካልሆነ ልሂድ።”

ሠራው። ሲጨርስ ሒሳብ ላይ አልተከራከረኝም፤ ማዕረግ ሳይከራከር ሲቀር ደስ አይለኝም።

የካቲት 22፣ እሁድ

ዛሬ ተወለድኩ!

ፈጅር ሰግጄ፣ አበራም እነሱ ዐቢይ ጾም ላይ ስለሆኑ ሳይበላ መጥቶ፣ ሁለት ጾመኛ ዳገቱን ተያያዝነው። ጠቅ፣ ዚዝ። ጠቅ፣ ዚዝ። ካቴናው ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ሲሻገር ድምፁ እንኳ አይሰማም። ባሕር ዛፉ መሀል ስንገባ ቅዝቃዜው ደረቴን ከፈተው። ፔዳሎቹ ላይ እየተነሳሁ ነው የረገጥኩት። ከማርያም በታች ባለው ቀጥ ያለ ዳገት አበራን ጥዬው ሄድኩ። ስንት ጊዜ ነው በዚያ ዳገት ጀርባውን ያየሁት! ዛሬ እሱ የእኔን አየ።

“አንተ! ሙዝ ነው እንዴ የምትልጠው?” እያለ ከታች ይጮኻል። “ባትሪውን አውርድና እንወዳደር!”

ላይ ደርሼ ሳይክሉን ዛፍ ላይ አስደግፌ ከተማዋን ቁልቁል አየሁ። አለቀስኩ ብል ማን ያምነኛል? የታመመ ሰው እንዲህ ይወጣል? በጾም አፉ? አይወጣም። በቃ፣ ሽቦው ነበር። ማዕረግም አበራም ወይዘሮ ታደለችም ሁላቸውም አላወቁም፤ ሽቦው ነበር።

ስንመለስ ቅዳሴ ወጥቶ መንገዱ በነጠላ ተሞልቶ ስለነበር ሳይክላችንን እየገፋን ወረድን።

የካቲት 25፣ ረቡዕ

መብራት ሲመጣ ሲሄድ ዋለ። ባትሪዎቹን ኩሽና ሰክቼ ረሳኋቸው። ሀፊዛ የሱሁር ምግብ ልታዘጋጅ ስትገባ አገኘቻቸው።

“ይኼ የምንድነው?”

“የካሜራ። የጓደኛዬ ነው።”

በረመዳን፣ ያውም ጾም ልይዝ ስል፣ ዋሸኋት። ጾም ከምግብ ብቻ ነው እንዴ? በጣም ራሴን ጠላሁ። እሷ ባትሪዋን አገላብጣ አየቻትና መልሳ ሰካቻት።

የካቲት 27፣ ዓርብ

ማሰልጠኛችን ግቢ ውስጥ፣ ከመኪናው ጀርባ ሆኜ ጎማ እያየሁ፣ ወይዘሮ ታደለች ዳርቱ ለምትባለው ሰልጣኝ ሲነግሯት ሰማሁ።

“መምህር ሳልህ መልካም ሰው ነው። ዳገት ላይ ግን እሱን አልጠብቅም። እጄን ከፍሬኑ አላርቅም።”

“ኧረ! አሰልጣኝ አይደለ እንዴ?”

“ነው እንጂ። እጁ ግን አንድ ነገር ሆኗል። ለአለቃው ብነግር እንጀራውን እዘጋለሁ፣ ዝም ብል ደግሞ አንድ ቀን ሰው ላይ እንወጣለን።”

ዛሬ ሜዳ ብቻ ነው ያስነዳኋቸው፤ እዚያው በዚያው፣ ሰዓታቸው እስኪያልቅ። ለምን ዳገት አንሄድም ሲሉኝ ገና አልደረሱም አልኳቸው። ደርሰዋል። ከደረሱም ቆይተዋል። እንዲህ ትንሽ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር።

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

ሀፊዛ ኡበይድን ጠየቀችው። እሱም እንደ ቃሉ አልዋሸም።

ካፈጠርን በኋላ ሳህኑን ሳታነሳ ቁጭ አለች። የሶፋው ገንዘብ ጉዳይ መጣ ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። በመልሴ ውስጥ ጤና፣ ስፖርት፣ ቴክኖሎጂ፣ ሁሉም ነበሩበት።

“የድሮው ማርሽ ምን ሆኖ ነው?” አለችኝ።

“ጠጥሮ።”

“የትኛው?”

“የግራው።”

ተነስታ ሳህኑን ልታጥብ ሄደች። ቧንቧው ብዙ ፈሰሰ፤ ሁለት ሰው ለበላበት ሳህን የማይገባ ውሃ። ስለ ገንዘቡ ብትጮህብኝ ምን አለበት።

መጋቢት 6፣ እሁድ

ደህና ነኝ። ጉልበቴና ክርኔ ተልጧል። ሳይክሉ መሪው ዞሯል። ማንም አልተጎዳም። ማንም።

በኋላ፣ ከኢሻ ሶላት በፊት።

መውጣቱን እንደ ባለፈው ወጣሁት። ችግር የለም። ማርሹ ታዛዥ ነው። መውረዱ ነው። የሳይክሌ የፊት ፍሬን በግራ እጅ የሚያዘው ነው። ይህንን ሳይክል ከገዛሁ ጀምሮ አውቃለሁ፤ እንዴት እንዳላሰብኩት አላውቅም። ማርሹን ከግራ እጄ ነጥቄ ለባትሪ ሰጠሁት፣ ፍሬኑ ግን እዚያው ነው።

ከማርያም ቁልቁል ፍጥነት ይዤ የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ስደርስ ጣቶቼን ፍሬኑ ላይ አደረግኩ። ጣቶቼ እዚያ ናቸው፣ አያቸዋለሁ። አይጨብጡም። እየነገርኳቸው አይጨብጡም። በቀኝ የኋላውን ብቻ ብይዘው ጎማው ተንሸራተተ። ከጥምዙ ማዶ አንድ ሽማግሌ በምርኩዝ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየወጡ ነበር፣ መንገዱ መሀል። ጮኽኩ። ምርኩዛቸውን አንስተው ወዴት እንደሚሸሹ ግራ ገባቸው። ሳይክሉን ከነራሴ ወደ መንገዱ ዳር የአፈር ግድግዳ ወረወርኩት።

ስነሳ አጠገቤ ደርሰው ቆመዋል። እሳቸው ናቸው አፈሩን ከላዬ የሚያራግፉልኝ።

“ልጄ፣ ፍሬን የለውም እንዴ?”

“አለው አባቴ።”

“ታዲያ ምነው አልያዝከውም?”

ይቅርታ አልኳቸው፤ እሳቸው ማርያም ናት ያተረፈችህ ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። አበራ ደርሶ ሳይክሉን አነሳ። የግራውን ፍሬን ጨበጠው፤ ጎማው ቀጥ ብሎ ቆመ። ለቀቀው። ደግሞ ጨበጠው።

“ፍሬኑ ደህና ነው” አለኝ ቀስ ብሎ። ሙዝ የለ፣ ክራር የለ። እስከ ሲግናል ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አልቀለደብኝም። በእግራችን ነው የወረድነው።

ለሀፊዛ ከሳይክል ወደቅኩ አልኳት። ቁስሌን ስታጥብልኝ ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ሌሊቱን አልተኛሁም። ሽማግሌው። ምርኩዛቸው። ልገጫቸው አንድ ክንድ ያህል ነበር የቀረኝ።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ኢድ። ስግደቱ ላይ ሰው ሁሉ ሲተቃቀፍ እኔም ተቃቀፍኩ። እንግዳ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። በልቼ ጠገብኩ፣ ጠጣሁ፣ ቀትር ላይ ተኛሁ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩና የውሃ ፕላስቲክ ክዳን በግራ እጄ ልከፍት ሞከርኩ። ቀድሞ የተከፈተ ክዳን ነው፤ የላላ።

አልሆነም።

ጾሙ አለቀ። ጾም ነው የምለውም አብሮ አለቀ። ፈርቻለሁ። በጣም ፈርቻለሁ።

መጋቢት 14፣ ሰኞ

ወይዘሮ ታደለች ረቡዕ ይፈተናሉ። ዛሬ የመጨረሻ ልምምዳቸው ስለነበር ዳገቱ ግዴታ ነው። መኪናው ውስጥ ገብተው ቀበቷቸውን አስረው ይጠብቁኛል። እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። እግሬ አልገባም አለ።

“መምህር፣ ይግቡ እንጂ።”

“ዛሬ ሌላ አሰልጣኝ ይያዝልዎት።”

“ለምን?”

“እጄ አይጨብጥም።”

ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ ወጣ፤ ለሚስቴ ያልነገርኩትን ለለማጅ ነገርኩ። ወይዘሮ ታደለች ቀበቷቸውን ፈትተው ወረዱ።

“ባለቤትዎ ያውቃሉ?”

“አልነገርኳትም።”

“በሉ እዚህ ምን ያደርጋሉ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ወደ ቤትዎ ይሂዱ፤ ለቢሮው እኔ እነግራለሁ፣ ክፉ አድርጌ አልነግርም።” ጨመሩም፣ “ያን ሜዳ ብቻ ያስነዱኝን ቀን ግን ተቀይሜዎታለሁ።”

“ይቅር ይበሉኝ።”

“ካለፍኩ ይቅር እላለሁ።”

ሀፊዛን ሱቋ አገኘኋት፤ የሕፃናት ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ደንበኛዋ እስክትወጣ ጠበቅኩ። ከዚያ ግራ እጄን ባንኮኒው ላይ፣ ልብሶቹ መሀል አስቀመጥኩት። እጄን አንስታ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሀል ያለውን ቦታ በጣቷ ጫን ጫን አለችው፤ ሥጋው የጎደለበትን። እኔ እንኳን መጉደሉን አላየሁም ነበር። እሷ የት እንደምትፈልግ ታውቃለች።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከረመዳን በፊት።”

“ከቁልፉ ቀን ጀምሮ” አለች። “እጅጌህን ሰብስበህ የወጣህ ቀን።”

“ታውቂ ነበር? ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?”

እጄን አልለቀቀችም። “ወላሂ ሳልህ፣ በየሱጁዱ ዱዓ አደርግ ነበር። እንዲያድንህ አይደለም። እንዳትነግረኝ። ካልነገርከኝ አልሆነም ብዬ።”

ሱቁን ዘጋን። በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ሰዓት። ውስጥ ተቀምጠን ሁለታችንም እንደ ልጅ አለቀስን። አንዲት ሴት ከውጭ በሩን እያንኳኳች የአንድ ዓመት ልጅ ካልሲ አላችሁ ወይ ትላለች።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

ጠዋት ወይዘሮ ታደለች ደወሉ። አልፈዋል፤ ዳገቱንም በአንድ ጊዜ። ይቅር ብለውኛል።

ከዚያ ሐኪም ቤት። ዶክተሯ ልጅ ናት፣ ድምፅዋ ለስላሳ። ብዙ ጠየቀችኝ። ጥያቄው የቤተሰብ ላይ ሲደርስ እኔ ወለሉን አየሁ፤ የመለሰችው ሀፊዛ ናት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳታለቅስ። ዶክተሯ ጽፋ ጽፋ፣ ብዙ ነገር እጅ ያደክማል፣ የአንገት አጥንት ሊሆን ይችላል፣ የነርቭ መጫን ሊሆን ይችላል፣ ሳንመረምር ምንም አንልም አለች። ውሃ የወሰደው ሰው ሰንበሌጥ እንደሚይዝ ቃሏን ያዝኩት። የነርቭ መጫን። ከሳይክል መሪ ይመጣል አሉ። እሱ ይሁን ያ ረቢ።

ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ ሁለት ጣቶቿን ቀኝ መዳፌ ውስጥ አስገባች። “ይጭመቁኝ” አለች። ጨመቅኳት፤ “ኧረ ይበቃል!” ብላ ሳቀች። እኛም ሳቅን። ጣቶቿን ወደ ግራው አዛወረች።

“አሁን በዚህኛው። ባለዎት ኃይል ሁሉ።”

ጥርሴን ነክሼ ጨመቅኩ። ትከሻዬ ተነሳ፣ አንገቴ ተገተረ፣ ግንባሬ ላብ አወጣ። እንዲህ አድርጌ እንጦጦን እንኳ አልወጣሁም። ሀፊዛ ከኋላዬ ቆማለች። ዶክተሯ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እጄን እያየች ትጠብቃለች፤ በትዕግሥት።

“እሺ” አለችኝ ፈገግ ብላ፣ “ዝግጁ ሲሆኑ ይጀምሩ።”